የላቀው ደጋ ቆላ

ላቀው አጭር ሰው ነበር። የውኃ ቦቴውን ሲነዳ ከሩቅ የሚታየው ኮፍያው ብቻ ስለነበር የሱዳኗ ገዳሪፍ ልጆች «ሹፌር የሌላት መኪና መጣች!» እያሉ ይጮኹበት ነበር። እሱም ይሰማቸዋል፤ ክላክሱን ነፍቶላቸው ያልፋል።

ጎንደር ሳለ የስፖርት መምህር ነበር። በወጣትነቱ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ራሱ ከማግባት ይልቅ ለሌላው አመቻችቶ ማቀበል ይወድ እንደነበር ያዩት ሰዎች ነግረውኛል። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጓደኞቹ አንድ በአንድ ከየቤታቸው ተወስደው ሳይመለሱ ሲቀሩ፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ በመተማ በኩል ወጣ። ገዳሪፍ ሲደርስ ከለበሰው ልብስ ሌላ የነበረው መንጃ ፈቃዱ ነው። መንጃ ፈቃዱ እንጀራ ሆነው። መጀመሪያ ዱራ የሚሉትን የሱዳን ማሽላ የሚጭን ሎሪ ነዳ፤ ኋላ ደግሞ ኡም ራኩባ ለሚባለው የስደተኞች መጠለያ ውኃ የሚያመላልስ ቦቴ።

እኔ ያዕቁብ እባላለሁ። አባቴ ቀድሞ ከመተማ የመጣ ነጋዴ ስለሆነ ያደግሁት ገዳሪፍ ነው። ያኔ በእህል መጋዘን ሚዛን ላይ እሠራ ነበር። ላቀውን ያወቅሁት በሠራተኞች ክበብ ሜዳ ነው። ሜዳው ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀ፣ አንደኛው ቀለበት ወደ ግራ ያዘመመ ነበር። እኛ የሐበሻ ልጆች ፀሐይ በረድ ስትል እዚያ ተሰብስበን ኳስ እናነጥራለን እንጅ ጨዋታ እንጫወት ነበር ለማለት ይከብዳል። አንድ ቀን ላቀው ቦቴውን አቁሞ አየን፤ ወረደና «ከእናንተ ውስጥ ዓይን ያለው ማነው?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠልጣኛችን ሆነ።

ሰባ ሰባት ክፉ ዓመት ነበር። ከትግራይም፣ ከወሎም፣ ከጎንደር ቆላም ሰው እየጎረፈ ይገባ ነበር። ዝናቡ ገዳሪፍንም ስለከዳት የከተማው ሰው ራሱ ዱራውን በጣሳ ነበር የሚገዛው። ላቀው ቀኑን ሙሉ መጠለያው ውኃ ሲያድል ውሎ ወደ ሜዳው ሲመጣ ከግንቡ ሥር ቁጭ ይላል።

«በሉ ሩጡልኝ» ይል ነበር በመጨረሻ። «እስቲ የሚሮጥ ሰው ልይ።»

እንግዳውን ያገኘው በዚያ መጠለያ ነው። ሰው በቧንቧው ላይ ሲጋፋ፣ ከሁሉ ኋላ የቆመ አንድ ረጅም ሰው እጁን በሰው ጭንቅላት ላይ አሳልፎ የተሞላውን ጀሪካን በአንድ እጁ እያነሣ ለአሮጊቶቹ ያቀብል ነበር። አይገፋም፤ አይጮህም። ላቀው ቧንቧውን ለሌላ ሰው ትቶ ሄደና አጠገቡ ቆመ። አንገቱን ቀና አድርጎ ነው ያነጋገረው።

«ወንድሜ፣ አገርህ የት ነው?»

«ጭልጋ፣ ቆላው ላይ።»

«ማን ልበል?»

«እንግዳው።»

«ይኼን የሚያህል ቁመት ምን ትሠራበት ነበር?»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «ጎተራ ስከድን መሰላል አልፈልግም ነበር» አለ።

እንግዳው ከሚስቱ ከወለተ ማርያምና ከልጁ ከሣህሊቱ ጋር ነበር የመጣው። ትንሹ ወንድ ልጃቸው መንገድ ላይ ሞቶ ከአንድ ዋርካ ሥር ቀብረውት ነው ያለፉት። ላቀው ይኼን የሰማው ከወለተ ማርያም ነው፤ እንግዳው ስለዚያ አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ላቀው ለኃላፊዎቹ ነግሮ ፈቃድ አገኘና ቤተሰቡን ወደ ከተማ አመጣ፤ ከሱ ግቢ አንዲት ጎጆ ሰጣቸው፤ እንግዳውን እኔ የምሠራበት መጋዘን አስቀጠረው። ይሁን እንጅ ስለ ኳስ ትንፍሽ አላለም። ሰውየው ፉልና ኪስራ የሚሉትን የሱዳን ስስ እንጀራ እየበላ ትከሻው ሥጋ እስኪያወጣ፣ ጆንያ አንሥቶ ማለክለኩን እስኪተው ጠበቀው። የገና በዓል ካለፈ በኋላ ነው አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ «ና እስቲ፣ ከልጆቹ ጋር ትንሽ ተዝናና» ብሎ ወደ ሜዳ የወሰደው።

ያ የመጀመሪያ ቀን አያስደስትም ነበር። እንግዳው ኳሱን ሊያነጥር ሲል እግሩን መትቶ አመለጠው። ሲያቀብሉት ዘግይቶ ይዞራል። ላቀው ከቀለበቱ ሥር እንዲቆም ቢነግረው እዚያው እንደ ምሰሶ ተተከለ። ከቀለበቱ ፊት ለፊት በቀለም የተከበበ ሳጥን አለ፤ አጥቂ እዚያ ውስጥ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከቆመ ይቀጣል። ላቀው ሦስት ሰከንድ ባለፈ ቁጥር እያፏጨ አደከመው። እንግዳው በመጨረሻ ዳር ወጥቶ ተቀመጠ።

ከማሉ የቡድናችን ፈጣኑ ልጅ ነበር። ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛው በዓረብኛ የተጠለፈ ነው። «መምህር፣ ወላሂ ይኼ ሰውዬ ለኛ አይሆንም። ኩራውን ስሰጠው ይጥለዋል፤ ኸላስ፣ ይተዉት» አለ።

«ጥፋቱ የሱ አይደለም» አለ ላቀው። «የምንሰጠው ቦታ ነው የተበላሸው። ኳሱን ከቀለበቱ ርቆ ሰጥተነው አንጥረህ፣ ዞረህ፣ ሰው አልፈህ አግባ እንለዋለን። እኔ የምፈልገው ኳሱ እጁ ሲገባ ሥራው አልቆ እንዲቆየው ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው እጁን ማንሣት ብቻ ይሁን።»

በአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሙሉዬ የምትባል የአርማጭሆ ሴት ሻይ ትሸጥ ነበር። ላቀው የጨዋታ ስልቱን የፈጠረው እዚያ ነው። አራት ብርጭቆ ለእኛ፣ አምስት የጠርሙስ ቆርኪ ለባላጋራ አሰልፎ በጠረጴዛው ላይ ሲያንሸራትት ያመሽ ነበር። አምስተኛው የስኳር ማስቀመጫዋ ጣሳ ነው፤ እሱ እንግዳው ነው። ሙሉዬ መጀመሪያ ተቆጣች።

«ሰው ሻይ ፈልጎ ቆሟል፣ አንተ ብርጭቆዬን ታሰልፋለህ?»

«ትንሽ ታገሽኝ፣ ስኳሩ ብቻውን እንዲቀር የማደርግበትን እየፈለግሁ ነው።»

ሙሉዬ ጠረጴዛውን አየች። «ሁሉም ስኳሩ ላይ ከተሰበሰበማ እንዴት ብቻውን ይቀራል? አንዱን ብርጭቆ ወዲያ አርቀህ አስኪደውና ይከተሉት።»

ላቀው ብርጭቆዋን አንሥቶ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሰደዳት፤ ቆርኪዋንም አስከተለ። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ ከልክላው አታውቅም።

በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተወለደችውን የመጀመሪያዋን ስልት «ደጋ ቆላ» አላት። ደጋው የቅጣት መስመሩ ነው፤ እኔ እዚያ እቆማለሁ። ቆላው ከቀለበቱ ሥር ነው፤ የእንግዳው ቦታ። ከማሉ ኳሱን ይዞ ወደ ዳር ሲሮጥ የባላጋራ ዓይን ሁሉ ወደሱ ይሄዳል። ከዚያ ለኔ ያቀብለኛል። እኔ ኳሱን ከራሴ በላይ ስይዝ፣ እንግዳው ከሳጥኑ ውጭ ቆይቶ አንድ እርምጃ ብቻ ገብቶ ተከላካዩን በጀርባው ይዘጋዋል። ኳሱን ከላይ ወደ ታች አወርድለታለሁ።

ሁለተኛዋን «ደቦ» አላት። በዚህችኛዋ እንግዳው መጀመሪያ ኳስ አይጠይቅም። ሄዶ በከማሉ ተከላካይ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና ከማሉን ያስለቅቀዋል። ሁለቱም ተከላካዮች ደንግጠው ከማሉን ሲያባርሩ እንግዳው ዞሮ ወደ ቀለበቱ ይገባል፤ ባዶውን ያገኘዋል። «ለሰው ያረሰ ሰው የሱም እርሻ ይታረስለታል» ብሎ ነው ላቀው ያስረዳው።

ደቦ ለእንግዳው ወዲያው ገባችው። ያስቸገረው ተከላካዩን በጀርባው መዝጋት ነበር፤ ሰው ሲነካው ይሸሻል፣ ይቅርታም ይጠይቃል። ላቀው ሦስት ቀን ለፍቶ አልሆን ሲለው ኳሱን መሬት አስቀመጠና ጠየቀው።

«አንተ፣ እልኸኛ በሬ ስትጠምድ ሲገፋህ ወደ ኋላ ትሸሻለህ?»

«ከሸሸሁማ ይረግጠኛል።»

«እና ምን ታደርጋለህ?»

«ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ ትከሻዬን እሰጠዋለሁ። ሳልመታው፤ እንዲደገፈኝ ብቻ።»

«እሱን አድርግልኝ» አለ ላቀው፤ ከማሉን ጠርቶም ከኋላው አቆመው።

ኳሱን ከደጋ ላክሁለት። እንግዳው ጉልበቱን ሸብረክ አደረገ፤ ከማሉ ገፋ፣ ገፋ፣ አልተነቃነቀም። ኳሱን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ዞረ፤ እጁን አነሣ፤ አገባ። ቀለበቱን ነክቶ እንኳ አልወጣም። እንግዳው ኳሱ በመረቡ ውስጥ ሲወርድ አየውና ሳቀ። ከኡም ራኩባ ከመጣ ጀምሮ ጥርሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው ያኔ ነው። ላቀው ወደ ግንቡ ዞሮ ኮፍያውን ሲያስተካክል ቆየ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከከሰላ ከተማ ቡድን ጋር ጨዋታ ተያዘልን። ከፋሲካ በኋላ እነሱ ወደኛ ሊመጡ ተስማማን። ይኼን ሲሰማ እንግዳው ደስ ብሎት ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ ነገራት። በማግስቱ ወለተ ማርያም ነጠላዋን አደግድጋ የላቀው በር ላይ ቆመች።

«አያ ላቀው፣ ቤት ሰጥተኸናል፣ እንጀራ ሰጥተኸናል፤ እግዜር ይስጥህ። ይኼን ግን አልወደድሁትም። ሰው በጠኔ በሚረግፍበት ዓመት ባሌ ከሰው መሀል ወጥቶ ኳስ ሊጫወት ነው? እዚያ መጠለያ የቀሩት ምን ይሉናል?»

ላቀው ኮፍያውን አወለቀ። «እውነትሽን ነው» አላት። «እንዲቀር ልንገራቸው?»

ወለተ ማርያም ይኼን አልጠበቀችም። ወደ ጎጆዋ ዞር ብላ አየች። እንግዳው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ከሣህሊቱ ጋር ከጨርቅ የተሠራ ኳስ ይወራወር ነበር።

«አይቅር» አለች። «ግን ሊያይ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን አይምጣ። ዱራ ይዞ ይግባ፤ የቻለ ጣሳ፣ ያልቻለ እፍኝ። ለነዚያ ይሂድላቸው። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ።»

ክበቡ ሐሳቡን በደስታ ተቀበለ። በጨዋታው ቀን ወለተ ማርያም በክበቡ በር ላይ ባዶ ጆንያዎች ዘርግታ ቆመች። ዓረብኛ ገና ስለማታውቅ እጇን ወደ ጆንያው እየጠቆመች «ዱራ! ዱራ!» ብቻ ነበር የምትለው። የአገሩ ሰው ሳይቀር መጣ። ጀለቢያቸው እንደ ወተት የነጣ ነጋዴዎች ሠራተኛ አሸክመው ሙሉ ጆንያ አገቡ። የአንድ ጫማ ጠራጊ ልጅ እናት ግን በመሐረቧ ጫፍ የቋጠረችውን ፈትታ ስትጨምር ወለተ ማርያም እጇን ይዛ ሳመቻት።

የከሰላዎቹ ግዙፍ ተጫዋች አሊ ይባላል። የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ፊቱ ፈገግታ የማያጣው። ከእንግዳው በጣት ያህል ቢያጥር ነው። ጨዋታውን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ገና ሲጀመር እንግዳውን አየውና ከኋላው መቆሙን ትቶ ከፊቱ ቆመ። እንግዳው እጁን ቢያነሣ አሊ ከፊቱ አለ፤ ከማሉ ከዳር ሊያቀብለው ቢሞክር አሊ ይነጥቀዋል። ከማሉ ተናደደና ራሱ ከሩቅ መወርወር ጀመረ። አንዳንዱ ገባ፣ ብዙው አልገባም። ለእረፍት ስንወጣ በብዙ ተመርተን ነበር።

እንግዳው አንገቱን ደፍቶ «አያ ላቀው፣ ሌላ ሰው አስገባ። እኔ ሰው ፊት አዋረድኋችሁ» አለ።

ላቀው የሚያዳምጥ አይመስልም። ውኃ እየሰጠን ዓይኑን ባዶው ሜዳ ላይ ተክሎ ነበር። ከዚያ ድንገት ሳቀ።

«አሊ ከፊትህ ነው የቆመው አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ከኋላህ ማነው ያለው?»

እንግዳው ዞር ብሎ በእውነት አየ። «ቀለበቱ» አለ።

«በቃ። እንዳታባርረው፣ ከፊትህ እንዲቆም ተወው። አንተ ጀርባህን ስጠውና በሩን ዝጋበት፤ ወደ ቀለበቱ እንዳይመለስ። ከማሉ፣ ከዳር አታቀብለው፤ ኳሱን ወደ ደጋ ውሰደው። ያዕቁብ፣ አንተ ለእንግዳው አትወርውር፤ ለቀለበቱ አጠገብ ላለው ሰማይ ወርውር። እሱ ይደርስበታል።»

ከማሉ ትንሽ አመነታ። ከዚያ እንግዳውን ትከሻው ላይ መታ አድርጎ «ያላ፣ አያ እንግዳው» አለው። «አያ» ብሎ ሲጠራው ያኔ የመጀመሪያው ነበር።

የመጀመሪያዋን ኳስ ከደጋ ወረወርሁ። በአሊ ራስ ላይ አለፈች። አሊ ሊመለስ ሲል የእንግዳው ጀርባ እንደ ግንብ ጠበቀው። እንግዳው ሁለት እርምጃ ወደ ቀለበቱ ሄደ፤ አጠገቡ ማንም የለም፤ ኳሷን ከአየር ላይ ተቀብሎ እንደ ዕቃ አስቀመጣት። ሰዉ ጮኸ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። በሦስተኛው አሊ ብልህ ነውና ወደ ኋላው ተመለሰ፤ ያኔ ላቀው ከዳር ሆኖ «ደቦ!» ብሎ ጮኸ። እንግዳው ሄዶ የከማሉን ተከላካይ ከለለ፤ ሁለቱም ከማሉን ተከትለው ሄዱ፤ ከማሉ መሬት ለመሬት አንድ ጊዜ አንጥሮ ለእንግዳው አቀበለው፤ አሁንም ማንም በሌለበት አገባ።

ወለተ ማርያም በሩን ትታ ሜዳው ዳር ደርሳ ነበር። የጨዋታው ሕግ አልገባትም፤ የገባት ነገር ባሏ ኳስ በያዘ ቁጥር ሰው ሁሉ ብድግ እንደሚል ነው። ሣህሊቱን አዝላ «እሰይ! እሰይ የኔ ጌታ!» ስትል ከእሷ ጎን የተቀመጡት የሱዳን ሽማግሌዎች ቃሉን ይዘው አብረዋት «እሰይ!» ይሉ ጀመር።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ነጥብ ተመርተናል። ኳሱ የኛ ነው። ላቀው «ደጋ ቆላ» አለ። ከሰላዎቹ ግን አማርኛ ባያውቁም ቃሏ ስትደጋገም ሰምተው ለምደዋት ስለነበር ሁለት ሰው እንግዳው ላይ ተሰበሰበ፤ አንድ ደግሞ እኔ ላይ። ከማሉ የሚያቀብለው አጥቶ ራሱ ወረወረ። ኳሱ ያዘመመውን ቀለበት መትቶ ወደ ላይ ዘለለ፤ ብዙ እጆች ተነሡ፤ አንዱ ገፋው፣ ሌላው ነካው፤ ኳሱ ተሽከርክሮ፣ እጁን ዘርግቶ ቆሞ በነበረው በእንግዳው መዳፍ ላይ ዱብ አለ። እንግዳው ግራ ተጋብቶ ትንሽ አየውና አገባው። ፊሽካ ተነፋ።

ላቀው መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ይኼኛዋን እኔ አልሠራኋትም!» ይል ነበር። «ወላሂ ይኼኛዋን አልሠራኋትም!»

አሊ መጥቶ እንግዳውን አቀፈና በዓረብኛ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ኳስ የጀመርኸው መቼ ነው?» አለው። እኔ ተረጎምሁለት።

«ከገና ወዲህ ነው በለው» አለ እንግዳው።

ስነግረው አሊ መጀመሪያ አላመነም። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ፤ ጓደኞቹን እየጠራም የሰማውን ይነግራቸው ጀመር። ማታ ሁላችንም ሙሉዬ ዘንድ ሻይ ጠጣን። ቦታ ስላልበቃ ከሰላዎቹ በመጡበት አውቶቡስ መሰላል ላይ ተቀምጠው ነው የጠጡት።

በነጋታው እህሉን ወደ ኡም ራኩባ ወሰድነው። ጆንያዎቹን ከሎሪው ያወረደው እንግዳው ነው። ወለተ ማርያም ለወጥ ቤቱ ሴቶች ዱራው ከየት እንደመጣ ስታስረዳ «ባሌ በኳስ አመጣው» አለቻቸው። ሴቶቹ አላመኗትም፤ ግን ሳቁ።

በዚያ ክረምት ዝናቡ መጣ። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ መኪና አላሳልፍ አለ፤ ሰዉም በጭቃው ተደሰተ። እንግዳው ዝናብ ሲያይ እግሩ አላስቀመጠውም። ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ባለችው ዶካ አጠገብ ከአንድ ባለመሬት ጋር ተስማምቶ የእኩል አረሰ፤ ሰሊጡ ያዘለት። ሁለት ዓመት እንደዚያ ከሠራ በኋላ ዘርና ሁለት በሬ ይዞ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ጭልጋ ተመለሰ። የወለተ ማርያም ሆድ ያኔ ገፍቶ ነበር።

ላቀው ከገዳሪፍ አልወጣም። ሙሉዬን አገባ፤ ሠርጉ ላይ ከማሉ በሁለት ቋንቋ ዘፈነ። እንግዳው ከሄደ በኋላ በቡድናችን አንድም ረጅም ሰው አልቀረም። እኔ «መምህር፣ እንግዲህ ደጋ ቆላ ቀረች» ስለው ተቆጣ።

«ማን አለ? ቆላ የቁመት ጉዳይ መሰለህ?» አለኝ። ከዚያ ከሁላችን የሚያጥረውን አንዳርጋቸው የሚባለውን ዳቦ ጋጋሪ ጠርቶ ከቀለበቱ ሥር አቆመው፤ እኔን ወደ ቅጣት መስመሩ ገፋኝና «በል፣ ከወገብ በታች ነው የምታቀብለው። አጎንብስ» አለኝ። ኳሱን መሬት ለመሬት ላክሁት፤ አንዳርጋቸው ኳሱን ይዞ በተከላካዮቹ እግር መሀል ሾልኮ ከቀለበቱ ሥር ወጣ።